መጀመሪያ ማባበያውን ይመዝኑ፦ ለትልልቅ የላስቲክ ዓሣዎች ዘንግና ክር አመራረጥ በጣና ዳር

ዓምና ኅዳር ላይ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ካሉት ጥቁር ድንጋዮች አንዱ ላይ ቆሜ አዲስ ዘንግ ሰበርኩ። የሰበረው ዓሣ አልነበረም። ዘመድ ከውጭ አገር የላከልኝን፣ ከስንዝር ጥቂት ያነሰ የላስቲክ ዓሣ ክሩ ላይ አስሬ፣ ወደ ኋላ ወስጄ በሙሉ ኃይሌ ስወረውር ዘንጉ ከላይ ሦስተኛው ቀለበት ሥር እንደ ደረቅ አገዳ ቀጭ አለ። ሻጩ «ይህ ዘንግ ትልቅ ዓሣ ያወጣል» ብሎኝ ነበር፤ ያወጣም ነበር። እኔ መጠየቅ የነበረብኝ ግን ስንት ኪሎ ዓሣ እንደሚያወጣ ሳይሆን ስንት ግራም ማባበያ እንደሚወረውር ነው። አጠገቤ ታንኳቸው ላይ ሆነው መረብ ይሰበስቡ የነበሩ አዛውንት ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ በሬውን ሳታይ ቀንበር ጠረብክ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ዘንግና ክር ስመርጥ የማልዘለው ቅደም ተከተል አለኝ። ገንዘብ አውጥተው ዘንግ ሊገዙ ላሰቡ፣ ወይም ከውጭ አገር ለሚመጣ ዘመድ «እንዲህ ያለ አምጣልኝ» ሊሉ ለተዘጋጁ ሁሉ እንዲጠቅም ጻፍኩት። የላስቲክ ዓሣ የምለው ለስላሳ አካል ያለውን፣ ጅራቱ መቅዘፊያ የመሰለ፣ ሲጎተት እንደ ሕያው ዓሣ የሚወዛወዘውን ሰው ሠራሽ ማባበያ ነው። ከ13 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነውን ትልቅ እለዋለሁ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ውሃ ላይ እንደሚጥሉት ይወስኑ

ይህ ከዘንግ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው።

በጣና ውስጥ ሌሎች ዓሣዎችን እያሳደዱ የሚበሉት በዋናነት ነጭ ዓሣ የምንላቸው ዝርያዎች ናቸው። ጣና ከ15 በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በሌላ በየትኛውም የዓለም ውሃ አይገኙም። ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። ቆሮሶ በአመዛኙ አልጌና የመሳሰለውን ስለሚመገብ የላስቲክ ዓሣ ለእሱ አይሆንም። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል።

አሁን አንድ ነጭ ዓሣ እጅዎ ላይ አድርገው አፉን ከፍተው ይዩ። ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ በመንጋጋው ላይ ግን አንድም ጥርስ የለም። ጥርሱ ያለው ወደ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮው ላይ ነው። የያዘውን ቦጭቆ ሊበላ አይችልም፤ ሙሉውን ውጦ በጉሮሮው ማሳለፍ አለበት። ጉሮሮው ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሜትር የሚሆን ነጭ ዓሣ እንኳ የሚመርጠው ትንንሽ ዓሣዎችን ነው። በጣና ላይ ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ የላስቲክ ዓሣ ለአብዛኛው ቀን ይበቃል፤ እኔ ከ15 አላልፍም። 15ቱንም የማወጣው አምባዛና በጣም ትልልቅ ነጭ ዓሣዎችን ሳስብ ነው።

20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ናይል ፐርች ለሚባለው ግዙፍ ዓሣ በል የሚሆን ማባበያ ነው። ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ በታችኛው ዓባይ ያሉ ዓሣዎች ወደ ላይ እንዳይወጡ ዘግቶ ይዟል። ናይል ፐርችን የሚፈልግ ሰው አርባ ምንጭ ሄዶ ጫሞ ላይ፣ ወይም ጋምቤላ ወርዶ ባሮ ላይ ነው መሞከር ያለበት። ይህን የምለው ብዙ ሰው ለጫሞ የሚሆን ዘንግ ገዝቶ ጣና ዳር ቆሞ ክንዱን ሲያደክም ስላየሁ ነው። ሁለቱን በአንድ ዘንግ ለመሥራት አይሞክሩ። እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ለጣና ነው፤ ለጫሞ የሚለወጠውን በየቦታው አመለክታለሁ።

ደረጃ 2፦ የላስቲክ ዓሣውን ይመዝኑ

ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አይመኑ፤ ብዙ ጊዜ የላስቲኩን ብቻ እንጂ የመንጠቆውንና የእርሳሱን ክብደት አይጨምርም። እኔ የወሰድኩት ወደ ወርቅ ቤት ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ግር አለው፤ ቀጥሎ ግን የመስታወቱን ክዳን ከፍቶ የላስቲኩን ዓሣ ከነመንጠቆው ሚዛኑ ላይ አጋደመው፤ 58 ግራም። የተሰበረው ዘንጌ ላይ ከመያዣው ከፍ ብሎ በደቃቅ ጽሕፈት የሰፈረው ከ10 እስከ 30 ግራም ነበር። ከአቅሙ እጥፍ በሚጠጋ ክብደት ነው የወረወርኩበት።

ርዝመቱን ብቻ አይቶ ክብደቱን መገመት አያስኬድም። ቅርጹ አንድ ዓይነት ሆኖ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ውፍረቱም ቁመቱም አብረው ስለሚያድጉ፣ ክብደቱ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ውስጡ እርሳስ ያለው 10 ሳንቲ ሜትር ማባበያ 20 ግራም ያህል ሲሆን፣ 13ቱ ከ30 እስከ 40፣ 15ቱ ከ50 እስከ 60፣ 20ው ደግሞ 100 ግራምና ከዚያ በላይ ይሆናል። አምስት ሳንቲ ሜትር በዓይን ትንሽ ናት፤ ዘንጉ ግን በደንብ ያውቃታል።

ዘንጎች ብዙ ጊዜ ክብደትን የሚጽፉት በአውንስ ነው። አንድ አውንስ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ አባቶቻችን ወርቅ ከሚመዝኑበት ወቄት ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ለማስታወስ አያስቸግርም። ክር ላይ የሚጻፈው ፓውንድ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፣ 454 ግራም ነው።

ደረጃ 3፦ ዘንጉን በግራሙ ይምረጡ

ዘንጉ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ክብደት እስከዚያ ድረስ በሙሉ ኃይል ወርውሩ ማለት አይደለም። ማባበያዎ የዚያ ከፍተኛ መጠን ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ሲሆን ነው ዘንጉ በደንብ የሚሠራው። 58 ግራም የሚመዝን ማባበያ ያለው ሰው እስከ 90 ወይም 100 ግራም የሚል ዘንግ ይፈልግ። ለ35 ግራም እስከ 50 ወይም 60 የሚለው ይበቃል። ለጫሞ፣ 100 ግራም ለሚሆነው፣ እስከ 150 ወይም 170 የተጻፈበት ያስፈልጋል። በተቃራኒው ደግሞ በጣም ጠንካራ ዘንግ ቀላል ማባበያ ሲወረውር አይጎብጥም፤ ካልጎበጠ ደግሞ የመወንጨፍ ኃይል አያገኝም፤ ማባበያው አሥር ሜትር ሄዶ ይወድቃል።

ቀጥሎ አጎባበጡን ይዩ። አንዳንድ ዘንግ የሚጎብጠው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ እስከ ወገቡ፤ አንዳንዱ እስከ እጅ መያዣው ድረስ ይታጠፋል። ለከባድ የላስቲክ ዓሣ ከጫፉ እስከ አንድ ሦስተኛው ወይም እስከ ወገቡ ቀስ እያለ የሚጎብጠውን እመርጣለሁ። ከባድ ነገር በጫፍ ብቻ ሲወረወር ሸክሙ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል። ወገቡ የሚተባበረው ዘንግ ግን ሸክሙን ይከፋፈላል፤ ሲወረውርም እንደ ወንጭፍ ይለቃል። ሱቅ ውስጥ ይህን ለመፈተሽ ጫፉን በጣት ይዘው አይጎትቱ፤ ብዙ ዘንግ የሚሰበረው እንዲህ ነው። ክር በቀለበቶቹ ውስጥ አሳልፈው፣ አንድ ሰው ክሩን መሬት ላይ ይዞ፣ እርስዎ ዘንጉን በዝግታ ከፍ ያድርጉ። ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከአርባ አምስት ዲግሪ በላይ እንዳይሄድ ይጠንቀቁ።

ርዝመቱ የሚወሰነው በሚቆሙበት ቦታ ነው። ከዳር ሆኖ ለሚወረውር ከ2.40 እስከ 2.70 ሜትር ጥሩ ነው፤ የደንገሉንና የእንቦጩን ጠርዝ ማለፍ ስለሚያስፈልግ። ከሞተር ጀልባ 2.10 እስከ 2.30 ይበቃል። ከደንገል ታንኳ ላይ ከ2.10 በላይ አልመክርም፤ ታንኳ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት፣ ውሃው ደግሞ ከወገብዎ በታች አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ረጅም ዘንግ ዓሣውን ወደ እጅዎ አያቀርብም። በብስክሌት ወይም በባጃጅ የሚሄድ ሰው ሁለት ቦታ የሚከፈል ዘንግ ይግዛ።

መያዣው ረጅም ይሁን፤ የታችኛው ጫፉ ከክርንዎ ጥቂት ይለፍ። ከባድ ማባበያ በሁለት እጅ እንጂ በአንድ እጅ አይወረወርም።

ስለ ዘንጉ ቁስ አንድ ነገር ብቻ። ሙሉ ካርቦን የሆነው ቀላልና ፈጣን ነው፤ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ግን የማይታይ ስንጥቅ ይይዝና ሌላ ቀን ይሰበራል። ፋይበር ግላስ የተቀላቀለበት ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ይታገሣል። ለጣና ጥቁር ድንጋይ የተቀላቀለውን እመርጣለሁ። ካርቦን ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍም አይርሱ፤ በክረምት ሰማዩ ሲጠቁርና ነጎድጓድ ሲሰማ ዘንጉን አጋድመው ከውሃው ዳር ይራቁ።

ያገለገለ ዘንግ የሚገዛ ሰው በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ጥጥ ያሳልፍ። ጭረት ወይም ስንጥቅ ካለ ጥጡ ይያዛል። ጥጥ የያዘ ቀለበት ክርም ይበላል።

ደረጃ 4፦ የክር መጠቅለያው

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ለጀማሪ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለውና ክሩ በፊት ለፊቱ የሚለቀቀው ዓይነት ይሻላል፤ በመጠን 4000 ወይም 5000 የሚባለው። የምትወስኑት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የመረጡትን ክር ቢያንስ 150 ሜትር መያዙ፣ ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው ፍሬንም ሳይንቀጠቀጥ በእኩል መልቀቁ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ክሩን በእጅ ይሳቡ፤ ያዝ ለቀቅ ካለ ይተዉት።

ደረጃ 5፦ ክሩ

ሦስት ዓይነት ክር ገበያ ላይ አለ። ናይለን ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሲወጠርም ይለጠጣል። ፍሎሮካርቦን ናይለን ይመስላል፤ ግን ጠጠር ያለና ይበልጥ የሚሰጥም ነው፣ መፋተግንም በደንብ ይቋቋማል። ሦስተኛው የተጎነጎነ ክር ነው፤ እንደ ሹሩባ ደቃቅ ፈትሎች ተጎንጉነው የተሠራ፣ በውፍረቱ ቀጭን፣ በጥንካሬው ብርቱ፣ ከውሃ የሚቀል፣ የመለጠጥ ጠባይ ከሞላ ጎደል የሌለው።

ለትልቅ የላስቲክ ዓሣ ዋናው ክር የተጎነጎነው ይሁን የምለው በመንጠቆው ምክንያት ነው። የእነዚህ ማባበያዎች መንጠቆ ወፍራም ነው፤ በዓሣው አፍ ውስጥ ለመግባት ኃይል ይፈልጋል። ማባበያው 30 ሜትር ርቆ ዓሣው ሲነካው እርስዎ ዘንጉን በኃይል ወደ ኋላ ይስባሉ። ናይለን ከሆነ የሳባችሁበት ኃይል ብዙው ክሩን በመለጠጥ ያልቃል፤ መንጠቆው ጋ የሚደርሰው እንደ መኮርኮር ያለ ነው። በተጎነጎነው ክር ግን እጅዎ እዚህ ሲንቀሳቀስ መንጠቆው እዚያ ይንቀሳቀሳል። የጅራቱ መወዛወዝም በዘንጉ በኩል እስከ መዳፍ ይሰማል፤ ጅራቱ ላይ አንዲት የእንቦጭ ሥር ስትጠመጠም መወዛወዙ ወዲያው ይቆማልና ሳያዩት ያውቁታል። በደፈረሰ ውሃ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥንካሬውን ሲመርጡ የዓሣውን ኪሎ ብቻ አያስቡ። ክሩን ብዙ ጊዜ የሚፈትነው ውርወራው ነው። 58 ግራም በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ሳለ ክሩ መጠቅለያው ላይ ድንገት ቢያዝ፣ ቀጭኑ ክር ይበጠስና ውድ ማባበያዎ ብቻውን ወደ ሐይቁ ይበርራል። ስለዚህ በጣና ላይ እስከ 40 ግራም ለሆነው 12 ወይም 14 ኪሎ የሚችል የተጎነጎነ ክር፣ እስከ 60 ግራም ለሆነው ከ18 እስከ 20 ኪሎ፣ ለጫሞ ከ30 እስከ 36 ኪሎ እላለሁ። ከዚህ በላይ መሄድ ክሩን ያወፍራል፤ የወፈረ ክር ርቆ አይሄድም።

የተጎነጎነው ክር አንድ ጠላት አለው፤ ድንጋይ። የጣና ዳርቻ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ጠርዙ እንደ ሞረድ ይሞርዳል። ወጥሮ የቆመ የተጎነጎነ ክር በዚያ ላይ ሲንሸራተት በቅጽበት ይቆረጣል። ስለዚህ በመጨረሻው ላይ መሪ ክር ይቀጥሉ፦ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ የሆነ፣ ከ0.50 እስከ 0.60 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፍሎሮካርቦን ወይም ጠንካራ ናይለን። የጣና ውሃ በተለይ ከክረምት በኋላ ደፍርሶ ስለሚቆይ ፍሎሮካርቦን «አይታይም» ስለሚባለው ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ፤ የምትከፍሉት ለመፋተግ ጥንካሬው ነው። ለጫሞ 0.80 ወይም 0.90 ይሁን። የብረት መሪ ክር ለነጭ ዓሣ አያስፈልግም፤ አፉ ጥርስ እንደሌለው አይተናል። አምባዛ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክሩ ደቃቅ ጥርሶች አሉት፤ ወፍራሙ መሪ ክር ለእሱም መልስ ነው።

ደረጃ 6፦ ማሰርና መጠቅለል

የተጎነጎነ ክር ባዶ መጠቅለያ ላይ በቀጥታ ከታሰረ ይንሸራተታል፤ ፍሬኑ ጠብቆ እያለ ክሩ በሙሉ እንደ ቀለበት ይዞራል። መጀመሪያ አሥር ዙር ያህል ናይለን ይጠቅልሉ፣ ከዚያ የተጎነጎነውን ከእሱ ጋር ይቋጥሩ። ሲጠቀልሉ ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ ላልቶ የተጠቀለለ ክር ውስጥ ለውስጥ ይቀበርና በውርወራ ጊዜ ያንቃል።

መሪ ክሩን ከዋናው ክር ጋር ለማያያዝ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ያጋድሙ። በአንዱ ጫፍ ቀለበት ሠርተው፣ ጫፉን በቀለበቱ ውስጥ ሁለቱንም ክሮች እያቀፈ ያዙሩት፤ ወፍራሙን መሪ ክር አራት ጊዜ፣ የተጎነጎነውን ስምንት ጊዜ። ሁለቱንም ቋጠሮ በምራቅ አርጥበው ለየብቻ ያጥብቁ፤ ከዚያ ዋናዎቹን ክሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲስቡ ቋጠሮዎቹ ተንሸራተው ይገናኛሉ። ሳይረጥብ የተጠበቀ ቋጠሮ በራሱ ሰበቃ ይሞቃል፤ የሞቀ ናይለን ደግሞ ይደክማል። በመጨረሻም ማባበያውን በቀጥታ ከማሰር ይልቅ ተከፍቶ የሚዘጋ ጠንካራ የብረት ማያያዣ መሪ ክሩ ጫፍ ላይ ይሰሩ፤ ማባበያ በቀየሩ ቁጥር ክር አይቆርጡም።

ደረጃ 7፦ ፍሬኑን በጀሪካን ይለኩ

ፍሬኑ ክሩ ከሚችለው ኃይል ሩብ ገደማ ላይ መልቀቅ አለበት። 18 ኪሎ የሚችል ክር ያለው ሰው አራት ኪሎ ተኩል ላይ ያስተካክለው ማለት ነው። ሚዛን ከሌለዎት ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን በቂ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ አራት ሊትር ከሩብ ያህል ሲሞሉት ከነጀሪካኑ አራት ተኩል ይጠጋል። ክሩን እጀታው ላይ ያስሩ። ዘንጉን ወደ ላይ አያቁሙ፤ ጫፉን ወደ ጀሪካኑ ቀጥ አድርገው ጠቁመው ቀስ ብለው ያንሱ፤ ሸክሙ ዘንጉ ላይ ሳይሆን ፍሬኑ ላይ እንዲያርፍ ነው። ፍሬኑን እያላሉ ጀሪካኑ ከመሬት ተነሥቶ ወዲያው በዝግታ መውረድ የሚጀምርበትን ቦታ ያግኙ። ያ ነው። እኔ ይህን የማደርገው ቤት፣ ግቢ ውስጥ፣ ከመውጣቴ በፊት በነበረው ማታ ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ ውሃው

ጠዋት ይሂዱ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያስቸግራል። ዓባይ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ደንገል ውስጥ ገብተው አይቁሙ፣ ጀልባ ላይም ከሆኑ ከመንጋው ራቁ። ፈቃድና የተከለከለ ወቅት ወይም ቦታ ካለ የግብርና ቢሮውን የዓሣ ባለሙያዎች አስቀድመው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ቢሮ ሳይነግረኝም አከብራለሁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸው በፊትም የወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ እናቶችን ይይዛል፤ የነጭ ዓሣው ቁጥር በጣም የቀነሰበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። በእነዚያ ወራት ከወንዝ አፍ እርቃለሁ፤ ሌላ ቦታ ላይም እንቁላል የያዘች ነጭ ዓሣ ከመጣች እጄን አርጥቤ መንጠቆውን ነቅዬ እለቃታለሁ። እነዚህ ዓሣዎች ከጣና ከጠፉ ከየትም አይመጡም።

የላስቲክ ዓሣዎቹን በመጡበት ከረጢት ያስቀምጡ። የተለያዩ ላስቲኮች አንድ ላይ ተከማችተው ፀሐይ ሲያገኛቸው ይቀልጣሉ፤ የፕላስቲክ ሣጥኑንም ያጣብቃሉ። የተቀደደውን ሐይቁ ውስጥ አይጣሉ፤ ዓሣው ይውጠዋል፣ አይፈጭለትም።

ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ፣ ድንጋይ ከነካም በኋላ፣ ከማያያዣው ጀምሮ የመሪ ክሩን ሁለት ክንድ በጥፍርዎ ጫፍና በጣትዎ መካከል ያሳልፉ። ከሻከረ ከሻካራው በላይ ይቁረጡ፤ ማያያዣውን እንደገና ይሰሩ፤ ከዚያ ይወርውሩ።